የፍራሚንግሃም ሴቶች ደም

ፍራሚንግሃም ከቦስተን ወደ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ የምትገኝ ከተማ ናት። ላላወቃት ሰው ከሌሎቹ የማሳቹሴትስ ከተሞች የምትለይበት ነገር የላትም፤ በልብ ሕመም ታሪክ ግን የእሷን ያህል ስሟ የሚነሳ ከተማ አላውቅም። በ1948 (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሐኪሞች ወደዚህች ከተማ መጥተው፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 62 የሆኑ ነዋሪዎች በየሁለት ዓመቱ እየመጡ እንዲመረመሩላቸው ጠየቁ። የመጡት ለማከም ሳይሆን ጤነኛ የነበረ ሰው እንዴት የልብ ሕመምተኛ እንደሚሆን ከሥር ከሥሩ ለመከታተል ነበር። የከተማዋ ሰዎች ራሳቸው በየጎረቤቱ እየዞሩ ሰው አሳመኑ። በዚህ መንገድ 5,209 ሰዎች ክንዳቸውን ለመርፌ ሰጡ። ወንዶቹ 2,336፣ ሴቶቹ 2,873 ነበሩ።

የሴቶቹን ቁጥር ለይቼ የጻፍኩት በምክንያት ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ ሙያውን አዲስ አበባ ጀምሬ አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት እዚሁ ማሳቹሴትስ ነው። «ስለ ሴቶች ልብ በቂ መረጃ የለም» ሲባል ስሰማ ነው የኖርኩት። መረጃውማ ነበረ። ፍራሚንግሃም ላይ ገና ከጅምሩ ከተቀዳው ደም ከግማሽ በላዩ የሴት ነው። የጠፋው ያንን ደም በሴትነቱ የሚያነበው ሰው ነበር፤ ሴቲቱ ስኳር ያለባት ስትሆን ደግሞ ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል።

በዚያ ደም ውስጥ ይለካ የነበረው ኮሌስትሮል ራሱ ከተገኘ ቆይቷል። በ18ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዮች ከሐሞት ጠጠር ውስጥ አወጡት። በ1910 ጀርመናዊው አዶልፍ ዊንዳውስ በታመመ ትልቁ የደም ቧንቧ ውስጥ ከጤነኛው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኮሌስትሮል አገኘ። በ1913 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ኒኮላይ አኒችኮቭ ኮሌስትሮልን በሱፍ ዘይት አሟሙቶ ጥንቸሎችን አበላና የደም ቧንቧቸው ሲደነድን አሳየ። ጥንቸል ግን ሰው አይደለም፤ ነገሩን በሰው ላይ ለማየት የብዙ ጤነኛ ሰው ደም ለብዙ ዓመት መለካት ነበረበት። መለካቱ ደግሞ ቀላል ሥራ አልነበረም።

እኔ የተማርኩት አሮጌውን ዘዴ ነው፤ ሊበርማንና በርካርድ የተባሉ ኬሚስቶች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የደረሱበትን። አሴቲክ አንሃይድራይድና አሴቲክ አሲድ ጠርሙስ ውስጥ ይደረግና ጠርሙሱ በረዶ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ሰልፈሪክ አሲዱ ቀስ እየተባለ በጠብታ ይጨመራል፤ የተቸኮለ እንደሆነ ውህዱ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ይደፋል። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ቱቦው ውስጥ ትንሽ እርጥበት ከቀረ ውጤቱ ይበላሻል። ከታማሚው ደም የወጣው ሴረም በፒፔት ተለክቶ ሲገባበት ቱቦው በእጅ ላይ ይሞቃል፤ ቀለሙም ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አረንጓዴው በደመቀ ቁጥር ኮሌስትሮሉ ብዙ ነው። ቀለሙ ግን አይቆይም፤ ሰዓት ይዞ በደቂቃው መነበብ አለበት። ብዙዎቻችን የዚያን ዘመን ሥራ የምናስታውሰው ጋውናችን ላይ አሲድ በበሳቸው ቀዳዳዎች ነው።

ይህን ዘዴ አስተማማኝ ያደረገው በ1952 የወጣ ጽሑፍ ነው። ዘዴው እስከ ዛሬ አቤል–ኬንዳል ተብሎ ይጠራል። ከአራቱ ጸሐፊዎች ሁለቱ ሊዜ አቤልና ቤቲ ሌቪ የተባሉ ሴቶች ናቸው፤ የአቤል ስም የመጀመሪያው ነው። እነሱ ያደረጉት ሴረሙን በቅድሚያ በአልኮልና በፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ማፍላት፣ ኮሌስትሮሉን ለብቻው አውጥቶ ማድረቅ፣ ቀለሙን ከዚያ በኋላ ማውጣት ነው። አድካሚ ነው፤ ውጤቱ ግን የታመነ ነው። የፍራሚንግሃም ደም በዚህ ዘዴ ተለክቷል፤ ለአሥርት ዓመታትም የማሽኖች ትክክለኛነት የተፈተነበት መለኪያ ከዚሁ የመነጨ ነው። ስለ ሴቶች ደም ሲወራ የእነዚህ ሁለት ሴቶች እጅ እንዲረሳ አልፈልግም።

በ1961 የፍራሚንግሃም ሐኪሞች ዊልያም ካነልና ቶማስ ዶውበር ከባልደረቦቻቸው ጋር የስድስት ዓመቱን ክትትል አወጡ። የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ከፍ ማለት ለልብ ሕመም የሚያጋልጡ ምክንያቶች መሆናቸው በግልጽ የተነገረው ያን ጊዜ ነው። በወንዶቹ ላይ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሴቶቹ ግን በዚያ ዕድሜ ገና ብዙም አልታመሙም ነበር፤ የሴት ልብ ሕመም ከወንዱ አሥር ዓመት ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ሲመጣም ብዙ ጊዜ በደረት ሕመም ስለሚጀምር፣ እንደ ወንዱ በድንገተኛ ሀርት አታክ ስለማይጥል፣ «የሴት ቀላል ነው» የሚል እምነት ሥር ሰደደ። በ1964 ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ውስጥ ስለ ልብ ሕመም የመጀመሪያው የሴቶች ጉባኤ ተጠራ። ርዕሱ «ልቦችና ባሎች» ነበር። ሴቶቹ የተጠሩት የባሎቻቸውን ልብ እንዴት እንደሚጠብቁ እንዲማሩ ነው። በዚያ ዓመት የፍራሚንግሃም ሴቶች ለራሳቸው ደም መስጠት ከጀመሩ አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላቸው ነበር።

እነሱ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ዕድሜያቸው 50ን ሲያልፍ፣ የወር አበባቸው ሲቆም፣ ኮሌስትሮላቸው ወጣ፤ እኩያ ወንዶቻቸውንም በለጠ። በ1974 ከዚያው ጥናት ስለ ስኳር ታማሚዎች የ16 ዓመት ክትትል ወጣ፤ በ1979 ደግሞ ካነልና ማክጊ የ20 ዓመቱን አሳተሙ። ስኳር በወንድም በሴትም የልብና የደም ቧንቧ ሕመምን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያንራል። የሴቶቹ ጭማሪ ግን ከወንዶቹ ጎላ ያለ ነበር። ሴት ልጅ በተፈጥሮ ያገኘችው የአሥር ዓመት ጥበቃ ስኳር ሲገባባት ይወሰድባታል ማለት ነው። ይህ በ1979 በጥቁርና ነጭ ታትሟል።

በመካከሉ በ1977 ሌላ ነገር ተገኘ። ጠቅላላ ኮሌስትሮል ብቻውን ብዙ እንደማይናገር፣ ኤችዲኤል የሚባለው ክፍል ሲያንስ የልብ ሕመም እንደሚበዛ ፍራሚንግሃም አሳየች። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከላቦራቶሪ ጠረጴዛ ሆኜ ያየሁት ትልቁ ነገር ይህ ነውና። ሴት ከጉርምስና ጀምሮ ኤችዲኤሏ ከወንድ በ10 ሚሊግራም ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ለወንድ ዝቅተኛ የሚባለው ከ40 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን፣ ለሴት ከ50 በታች ነው። የውጤት ወረቀት ላይ ለሁለቱም አንድ መለኪያ የሚታተምበት ጊዜ ነበር። ኤችዲኤሏ 43 የሆነ ሴት በዚያ ወረቀት ጤነኛ ሆና ትወጣለች። ስኳር ደግሞ የሚያወርደው ይህንኑ ነው።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ገንዘቡና ትልልቁ የሕክምና ሙከራ የሄደው ወደ ወንዶች ነው። ከልብ ሕመም በተረፉ ሰዎች ላይ መድኃኒት የሞከረው «ኮሮናሪ ድራግ ፕሮጀክት» 8,341 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ሁሉም ወንዶች። ከተሞከሩት መድኃኒቶች አንዱ ደግሞ ኤስትሮጅን ነበር፤ የሴቷ ሆርሞን ለወንዶች ተሰጠ፤ ጉዳት ስላመጣም ሁለቱም መጠኖች ከጊዜያቸው በፊት ቆሙ። «ሚስተር ፊት» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ሙከራ 12,866 ሰዎች ነበሩት፤ እነሱም ወንዶች። ኮሌስትሮልን በመድኃኒት ማውረድ የልብ ሕመምን እንደሚቀንስ አሳይቶ በ1984 ዓለምን ያነጋገረው ሙከራ 3,806 ሰዎች ነበሩት፤ አሁንም ወንዶች ብቻ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ታይም መጽሔት በሽፋኑ ሁለት የተጠበሰ እንቁላል ዓይን፣ አንድ ቁራጭ ቤከን ያዘነ አፍ አድርጎ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ሴቱም ወንዱም እንቁላል ፈራ። የተከተሉት መመሪያዎች ለሴቶችም ተሠራባቸው፤ የተደገፉት ግን በአብዛኛው በወንዶች ማስረጃ ነበር።

የተቃወመ ሰው አልጠፋም። በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ከተማ ራንቾ በርናርዶ በተባለ መንደር ኤሊዛቤት ባሬት-ኮነር የምትባል ሐኪም በ1972 የራሷን ጥናት ጀመረች። የምትመዘግበው የመንደሩን አዋቂዎች፣ ሴቱንም ወንዱንም ነበር። በ1991 የ14 ዓመት ክትትሏን ስታሳትም ርዕሱን በጥያቄ አደረገችው፤ ስኳር የሴትን ልብ ከወንድ ይልቅ ለምን ይበልጥ ይገድላል? ስኳር ያለባቸው ወንዶች ከሌለባቸው ወንዶች ጋር ሲነጻጸሩ በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው 1.8 እጥፍ ነበር። የሴቶቹ 3.3 እጥፍ ሆነ። የልዩነቱ ትልቁ ምክንያት ስኳር የሌለባት ሴት ከስኳር ነጻ ከሆነው ወንድ ብዙ የተሻለ ዕድል ያላት መሆኗ እንደሆነም አስረዳች፤ የምታጣው ብዙ ስለሆነ ስታጣው ይጎላል። ባሬት-ኮነር በ2019 አርፋለች። በሙያዬ ዘመን ከማከብራቸው ሳይንቲስቶች ፊተኛዋ ናት። በዚያው 1991 የአሜሪካን የጤና ምርምር ተቋም የመሩት የመጀመሪያዋ ሴት፣ የልብ ሐኪሟ በርናዲን ሂሊ፣ ሴቶች እንደ ወንድ ካልታመሙ በስተቀር እንደማይታከሙ ጽፈው ብዙዎችን አስደነገጡ። በ1993 በመንግሥት ገንዘብ የሚደረግ የሕክምና ምርምር ሴቶችን እንዲያካትት በሕግ ተደነገገ።

ስኳር ደሙን ምን እንደሚያደርገው በዓይኔ ያየሁት ገና አዲስ አበባ ሳለሁ ነው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ስኳራቸውን ሊለኩ መጡ። ደማቸውን ቀድቼ ሴንትሪፉጅ ውስጥ አዞርኩት። ሲቆም ከላይ ቢጫ ሆኖ መጥራት የሚገባው ሴረም እንደ ወተት ነጥቶ ነበር፤ ቱቦውን መስኮት ላይ ብይዘው ብርሃን አያሳልፍም። የሐኪሙ ወረቀት ላይ የተጠየቀው ስኳር ብቻ ነው። እሳቸውም «ልጄ፣ ስኳሬ ስንት ደረሰ?» ብለው ጠየቁኝ። «እማማ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ ግን ስቡም እንዲታይልዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ» አልኳቸው። «ደሞ ስብ የት አባቴ አግኝቼ?» አሉኝ ክንዳቸውን እያሳዩኝ፤ ቀጭን ነበሩ።

ያ ነጭ ነገር ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ ነው። የሚመጣው ከወጥ ላይ ከሚንሳፈፈው ቅቤ ብቻ አይደለም። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሲደክም በሰውነት የተጠራቀመው ስብ ይለቀቃል፤ ጉበት ይቀበለውና በትራይግሊሰራይድ የተሞሉ ቅንጣቶች አድርጎ ወደ ደም ይልከዋል። እነዚህ ከኤችዲኤልና ኮሌስትሮልን ወደ ደም ቧንቧ ከሚያደርሰው ከኤልዲኤል ጋር ስብ ይለዋወጣሉ፤ በልውውጡ ኤችዲኤል ይቀንሳል፣ የኤልዲኤል ቅንጣቶችም ትንንሽና ጥቅጥቅ ያሉ ይሆናሉ። እያንዳንዷ ቅንጣት የምትሸከመው ኮሌስትሮል ስለሚያንስ ወረቀት ላይ የሚወጣው የኤልዲኤል ቁጥር ብዙም አያስፈራም፤ በቧንቧው ውስጥ የሚመላለሱት ቅንጣቶች ግን ብዙ ናቸው። ስኳር ያለባት ሴትና የሌለባት ሴት ሁለቱም ኤልዲኤላቸው 120 ሊሆን ይችላል፤ በደማቸው ያለው ግን አንድ አይደለም።

የስሌቱም ነገር አለ። ለረጅም ዘመን አብዛኛው ላቦራቶሪ ኤልዲኤልን በቀጥታ አይለካም ነበር። ፍሪድዋልድ፣ ሌቪና ፍሬድሪክሰን በ1972 ባወጡት ቀመር ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልንና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ቀንሰን እናወጣው ነበር። ትራይግሊሰራይዱ ከ400 ካለፈ ግን ቀመሩ አይሠራም። እዚህ ማሳቹሴትስ በሠራሁባቸው ዓመታት በኤንዛይም የሚሠራው ዘዴ (እሱም በ1974 የወጣ ነው) አሲዱን አስቀርቶ፣ ሮዝ ቀለም በደቂቃዎች እየሰጠ፣ ማሽኑ በቀን በመቶ የሚቆጠር ናሙና ይጨርስ ነበር። ኤልዲኤል የሚታተምበት ቦታ ላይ «ሊሰላ አልቻለም» ብሎ የሚያልፋቸው ናሙናዎች ታዲያ በብዛት የስኳር ታማሚዎች ነበሩ። ቁጥሩ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ሆነው ሳለ ነው ቁጥሩ ያልተገኘው።

ስለ ሆርሞን በአጭሩ ልበል። ካረጡ በኋላ ኤስትሮጅን የሚወስዱ ሴቶች ኤልዲኤላቸው ይወርዳል፣ ኤችዲኤላቸው ይወጣል። ብዙ ሐኪም ይህን አይቶ ልባቸውም እንደሚጠበቅ አመነ። በ1998 የልብ ሕመም ባለባቸው 2,763 ሴቶች ላይ የተደረገው ሙከራ ሲወጣ ኤልዲኤላቸው 11 በመቶ ወርዶ፣ ኤችዲኤላቸው 10 በመቶ ጨምሮ፣ ሀርት አታኩ ግን አልቀነሰም። በ2002 ትልቁ የሴቶች ጤና ጥናት ኤስትሮጅንን ከሌላ ሆርሞን ጋር ያጣመረውን ሙከራ ከጊዜው በፊት አቆመ። ቁጥር ማስተካከልና ልብ ማዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሴቶች በራሳቸው ሰውነት አስተማሩን።

የመድኃኒቱ ወገን ታሪክ ደግሞ ይህ ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1973 ከሻጋታ ያወጣው ንጥረ ነገር ስታቲን የሚባሉት ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒቶች ሁሉ መጀመሪያ ሆነ፤ በ1987 የመጀመሪያው ስታቲን አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። በ1994 በወጣው የስካንዲኔቪያ የስታቲን ሙከራ ከ4,444 ታማሚዎች 827ቱ ሴቶች ነበሩ። በ1998 ከፊንላንድ የወጣ ጥናት ስኳር ያለበት ሰው ልቡን ታሞ ባያውቅም፣ አደጋው ሀርት አታክ ካገኘው ስኳር የሌለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳየ። በ2004 በብሪታንያና በአየርላንድ 2,838 የስኳር ታማሚዎች፣ ሲሶ ያህሉ ሴቶች፣ አቶርቫስታቲን 10 ሚሊግራም ወይም ባዶ ኪኒን ተሰጣቸው። ኮሌስትሮላቸው ያን ያህል ከፍ ያለ አልነበረም። ሆኖም ዋና ዋናዎቹ የልብና የደም ቧንቧ አደጋዎች በ37 በመቶ ስለቀነሱ ሙከራው ከታሰበለት ሁለት ዓመት ቀድሞ ቆመ። በ2014 ከ858,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ 64 ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ ስኳር በልብ ሕመም ላይ የሚጨምረው አደጋ ለሴቶች ከወንዶች 44 በመቶ በልጦ ተገኘ። በ2015 የ174,000 ሰዎች መረጃ ተሰብስቦ ስታቲን ለሴትም ለወንድም ተመሳሳይ ጥቅም እንዳለው ተረጋገጠ። ከነዚያ ሰዎች ሴቶቹ 27 በመቶ ነበሩ። ያም ሆኖ ሩቡን ትንሽ አለፉ እንጂ ግማሽ አልሆኑም።

የፍራሚንግሃም የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ነጮች ነበሩ ማለት ይቻላል። ጥቁሮችን፣ እስያውያንን፣ የላቲን ተወላጆችን የሚያካትት ቡድን እዚያው የተጀመረው በ1994 ነው፤ 506 ሰዎች ነበሩ። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ በሚሲሲፒ የጃክሰን የልብ ጥናት ከ5,300 በላይ ጥቁር አሜሪካውያንን መዘገበ፤ ከግማሽ በላይ ሴቶች። እኛስ? ወደ እስራኤል የሄዱት ወገኖቻችን ላይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተደረጉ ጥናቶች አዲስ አገር ከገቡ ብዙም ሳይቆዩ ስኳር እንደበዛባቸው አሳይተዋል። ቦስተን አካባቢ ባለው ማኅበረሰባችንም ስኳር የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብደኛል። ሴቶቻችን ስኳራቸውን በቃላቸው ያውቃሉ፤ የጠዋቱን፣ የማታውን፣ የሦስት ወሩን። «ኮሌስትሮልሽስ?» ስላቸው «እሱ ስብ ለሚበላ ነው፤ እኔ ጿሚ ነኝ» የሚሉኝ አሉ። ጾም ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላል ማስቀረቱ በጎ ነው። ነገር ግን በሰውነታችን ያለውን አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ጉበታችን ራሱ ነው፤ ትራይግሊሰራይድን የሚያንረው ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦም ጭምር ነው።

በአሜሪካ መመሪያ ስኳር የተገኘባት ሴት ስታቲን ካልጀመረች፣ የደም ስቧ በምርመራው ወቅት ይለካል፤ ዕድሜዋ ከ40 በታች ከሆነ ከዚያ በኋላ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ። ስታቲን ከጀመረች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ቀጥሎም በየዓመቱ። ልጅ የምታስብ ወይም ያረገዘች ሴት ስለ መድኃኒቱ ከሐኪሟ ጋር አስቀድማ መነጋገር አለባት፤ በእርግዝና ኮሌስትሮል ራሱ ከፍ ስለሚል የዚያን ጊዜው ቁጥር ለብቻው ይነበባል። ውድ ማሽን ለሌለው ላቦራቶሪ አንድ ቀላል ስሌት አለ፤ ባዶ ሆድ አያስፈልገውም፣ ትራይግሊሰራይድ ቢበዛም አይበላሽም። ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን መቀነስ ነው። ጠቅላላው 210፣ ኤችዲኤሏ 38 ከሆነ 172 ይቀራል። ብዙ ዓይን 210ን አይቶ «ትንሽ ነው ያለፈው» ይላል። ስኳር ላለባት ሴት ግን በ2001 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ለዚህ ቀሪ ቁጥር ያስቀመጠው ልክ ከ130 በታች ነበር፤ 172 ይዛ የምትሄድ ሴት ሐኪሟ ዘንድ ገብታ ስለ መድኃኒት መነጋገር ይገባታል።